ሃላቃ የማይችላቸው ስድስት ነገሮች

ስነ ዜጋ አስተምር ነበር። ያኔ ትምህርቱ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ይሰጥ ነበር፤ እኔም በከተማችን ታችኛው ሰፈር በሲቀላ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጠዋትና ከሰዓት ገደብ ስላለው መንግሥትና ገደብ ስለሌለው መንግሥት እለፈልፍ ነበር። እለፈልፍ ነበር የምለው ዛሬ ነው። በዚያን ጊዜ የምናገረው ሁሉ ከአፌ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ተማሪዎቼ ልብ ውስጥ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። እናቴ "ከአባትሽ ወረስሽው" ትለኛለች፤ አባቴ በሕይወት ሳለ "ከእናትሽ ነው" ይል ነበር። ከማንም ይምጣ፣ ክፍል ውስጥ ጠቅሞኛል። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ ቆርቆሮው በሙቀት እየተንጣጣ፣ ያን ሁሉ ልጅ ዝም የሚያሰኘው የመጽሐፍ እውቀት አይደለም። እኔ ገብቼ ጠመኔ ሳነሳ ዝንብ ሲበር ይሰማል። በዚህ እኮራ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩም አዲስ አስተማሪ ሲመጣ "ሂድና የእሷን ክፍል እይ" ይሉ ነበር።

ያን ምዕራፍ ሳስተምር ሰሌዳውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በግራ በኩል ገደብ ያለው መንግሥት፤ ሕግ ከሹሙ በላይ ነው፣ ሹሙ ይጠየቃል፣ ዜጋ ሳይሰማ አይቀጣም። በቀኝ በኩል ገደብ የሌለው፤ ሹሙ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ነው። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ "የተያዘ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር ይገደዳል?" እላለሁ። "አይገደድም!" ይላሉ በአንድ ድምፅ። "ለምን?" እላለሁ። "መብቱ ስለሆነ!" ይላሉ። ደስ ብሎኝ ጠመኔዬን አራግፌ እወጣለሁ።

በዚያ ዓመት ለአስራ ሁለተኛ ክፍሎች የሞዴል ፈተና ሳወጣ ከምርጫው ጥያቄ በተጨማሪ አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ጨመርኩ። "ገደብ ላለው መንግሥት አንድ ምሳሌ ስጡ፤ የባለሥልጣኑን ገደቦች ዘርዝሩ" የሚል ነበር። የምጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ ሕገ መንግሥት፣ ምርጫ፣ ነፃ ፍርድ ቤት። እሁድ ከሰዓት በላይኛው ሰፈር በሴቻ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ማረም ጀመርኩ። አብዛኛው እንደጠበቅሁት ነበር፤ መጽሐፉን እያኘከ የተፋ መልስ። እኔም ለተፋው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ከዚያ የአንዲት ልጅ ወረቀት እጄ ገባ። ከደጋው ከገረሴ ወርዳ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ፊት ለፊት የምትቀመጥ፣ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት። የጻፈችው ሕገ መንግሥት አልነበረም። በደጋው ሕዝቡ የሚሾመውን ሃላቃ ነበር የጻፈችው፤ ሃላቃው የማይችላቸውንም ነገሮች ቁጥር እየሰጠች ዘርዝራለች። አንደኛ፣ ሰው ላይ እጁን አያነሳም። ሁለተኛ፣ ሰው ላይ ድምፁን አያነሳም። ሦስተኛ፣ ከአገሩ ድንበር ወጥቶ አያድርም። አራተኛ፣ በሬ የሰው ማሳ ገብቶ ቢያበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው የእሱ በሬ ነው። አምስተኛ፣ ብቻውን አይፈርድም። ስድስተኛ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ከተቀመጠበት አይነሳም።

"ጎሽ!" አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት። ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ ዳር ላይ "በጣም ጥሩ" ብዬ ጻፍኩ። ከአስር ወረቀት በኋላ ግን ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ ወረቀት መጣ። ሃላቃ፣ አንደኛ እጁን አያነሳም፣ ሁለተኛ ድምፁን አያነሳም፣ ሦስተኛ ድንበር፣ አራተኛ በሬ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተፋለሰም። በሬው እንኳ በቦታው ነው። ደሜ ፈላ። ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ፣ "ጎሽ" ብዬ፣ በራሴ በረንዳ ላይ የተታለልኩ መሰለኝ። "በጣም ጥሩ" ያልኩትን እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀደው ድረስ ሰረዝኩት።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ሁለቱንም አስነሳኋቸው። ሁለቱን ወረቀት በሁለት እጄ ይዤ አንዱን መስመር ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ እያልኩ ለክፍሉ አነበብኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ "በሬውም ተኮርጇል" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን ቆርጬ "ሌባ በክፍሌ አይቀመጥም" አልኩ።

ልጅቷ ቆማለች። "ቲቸር፣ እኔ ልናገር?" አለች።

"ምን ትናገሪያለሽ? ወረቀቱ ተናግሯል" አልኳት።

ልጁን ወደ መምህራን ክፍል ወስጄ አንድ ወረቀት አወጣሁና በራሴ እጅ ጻፍኩለት፤ "በፈተና ወቅት ከፊት ለፊቴ ከተቀመጠችው ተማሪ የተዘጋጀ ወረቀት ተቀብዬ መገልበጤን አምናለሁ።" ካመነ ዜሮ ብቻ እንደሚሆንለት፣ ካላመነ ግን ከትምህርት ቤቱ እንደሚባረር ነገርኩት። ፈረመ። ተመሳሳይ ወረቀት ለልጅቷ አቀረብኩላት። አነበበችው፤ እስክሪብቶውን ግን አላነሳችም።

"ያላደረግኩትን አልፈርምም" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው። "ደግሞ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፣ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ብለው።"

"ትምህርቴን በእኔው ላይ ታነቢያለሽ?" ብዬ ጮህኩባት። አጠገቤ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሁለት መምህራን ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እሷ ግን አልፈረመችም።

ረቡዕ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ክሱን ያቀረብኩት እኔ፣ ልጁ የፈረመውን ወረቀት ያነበብኩት እኔ፣ እጄን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ትጠራ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ውሳኔው አንድ ገጽ አልሞላም። ልጁ ጥፋቱን ስላመነ ዜሮና ማስጠንቀቂያ፤ እሷ "ጥፋቷን ባለማመኗና ለጸጸት ዝግጁ ባለመሆኗ" ለዓመቱ ከትምህርት ገበታ እንድትታገድ። የብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ በሚቀጥለው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ትምህርት ቤቱ ፎርሟን ካልሞላላት አትፈተንም። ለአስራ ሁለት ዓመት የተማረችው ሁሉ በዚያ ሰኞ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር እኔም አውቅ ነበር፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ እግሬ አላርፍ አለኝ። ምክንያቱን አላውቀውም፤ ብጠየቅ ትክክል ነኝ ነበር የምለው። ሐሙስ ከክፍል ስወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሴቻ ሽቅብ መውጣት ጀመርኩ፤ ዳገቱ መሃል ላይ "ወራጅ አለ" ብዬ ወርጄ በእግሬ ወደ ሲቀላ ተመለስኩ።  ሙዝ ገዛሁ፣ አልበላሁትም። ቤት ገብቼ የተጣጠፈ ልብስ እንደገና አጣጠፍኩ። ሰሃን አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ወንበር ላይ ስቀመጥ ወንበሩ ይቆረቁረኛል፤ ስቆም ደግሞ የምሄድበት የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር በጆሮዬ የሚመላለሰው፤ "እኔ ልናገር?" ያለችው። ራሴን እሞግታለሁ፤ ምን ልትናገር ነበር? ውሸት ነው የምትናገረው። እና ውሸቷንስ ለምን አላስጨረስኳትም? መልስ ስፈልግ ደግሞ በልጅቷ ላይ እናደዳለሁ፤ እረፍት የነሳችኝ እሷ ትመስለኛለች። አርብ ዕለት ክፍል ስገባ ወንበሯ ባዶ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ሲያዩኝ እንደወትሮው ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን አሳከከው።

ቅዳሜ ማለዳ ለገረሴ ከሚጭነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። አንዱን ደብዳቤ ልጅቷ ሐሙስ ወስዳለች፤ የወላጅ ፊርማ የሚያስፈልገው የውሳኔው ሁለተኛ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እሱን ለማድረስ ነው የምሄደው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ቅጂውን ተላላኪ ያደርሰዋል። እኔ የፈለግሁት አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ "ትክክል ነሽ" እንዲለኝ ነበር። ሁለቱንም የፈተና ወረቀት ይዤ ነበር።

አባቴ የደጋ ሰው ነበር። እኔ ግን ሲቀላ ተወልጄ፣ ሲቀላ አድጌ፣ ጋሞኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ደጋ የወጣሁት ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው፤ ሄጄም ከመኪና ሳልርቅ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር የምመለሰው። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፤ ጉም መጣ፣ ገብስና እንሰት መጣ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ዶሮ ታቅፋ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍም ወሬም አልነበረኝም።

ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። እናትየዋ ገበያ ወጥታለች፤ ልጅቷም አብራት ሄዳለች። አባትየው የቀርከሃ አጥራቸውን ይጠግኑ ነበር። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ቀርከሃውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ። እኔ የጠበቅሁት ወይ ጩኸት ወይ ልመና ነበር።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ በመጀመሪያ።

የአባቴን አገር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡኝ። የመጣሁት እኔ ነኝና መናገር የእኔ ተራ ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን አውጥቼ ኮሚቴው ስለወሰነው፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ አንቀጹ አስረዳሁ። አላቋረጡኝም። እንደማንም ሰው "እህ" እንኳ አላሉም። ስጨርስ "ጨርሰሻል?" ብለው ጠየቁኝ። "ጨርሻለሁ" አልኩ።

"ልጄ ምን ሰረቀ?" አሉ። አማርኛቸው ስለ ሩቅ ሰው ሲሆን ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠራው።

"መልስ" አልኩ። "ከሌላ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት መልስ ጽፋለች። ላንብብልዎት።" ወረቀቷን አወጣሁና ጀመርኩ። "አንደኛ፣ ሃላቃ ሰው ላይ እጁን አያነሳም።"

"ሁለተኛ፣ ድምፁን አያነሳም" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ወረቀቱ የተያዘው በእኔ እጅ ነው፤ ከተቀመጡበትም አይታይም።

"ሦስተኛ፣ ከድንበር ወጥቶ አያድርም" ቀጠሉ፣ ጣታቸውን እያጠፉ። "አራተኛ..."

"በሬው" አለች አንዲት ሴት። ጎረቤት ናት፤ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ እንሰት እየፋቀች ነበር፤ እጇን ሳታቆም፣ ቀና እንኳ ሳትል። በጋሞኛ ይሁን በአማርኛ እንደተናገረች ዛሬ አላስታውስም፤ በሬው ግን ገብቶኛል። ከዚያ አምስተኛውን እሷ አለች፣ ስድስተኛውን እሳቸው ደገሙ።

 እጄ ላይ ያለው ወረቀት ከብዶኝ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

"ሃላቃ ሲሾም ስድስቱ በዱቡሻ ላይ ይባላሉ" አሉኝ። ዱቡሻ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት ሜዳቸው ነው፤ ከቤታቸው በላይ ያለውን ትልቅ ዛፍ በእጃቸው አመለከቱኝ። "እንዲህ፣ በዚሁ መንገድ ነው የሚባለው። እናት ለልጁ ይነግራል። የዚህ አገር ልጅ አንዱን በሁለተኛው ላይ አያስቀድምም። እኔም ሃላቃ ነበርኩ፤ ስሾም ተብሎብኛል።" ፈገግ አሉ። "ያኔ ቁጡ ነበርኩ። ሁለተኛው በጣም ከበደኝ።"

ያ ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ የማን አገር ልጅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ገምቼዋለሁና። ከወንዙ ማዶ ያለው ቤት የእሱ ቤት ነው አሉኝ።

አልቅሼ ነበር ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። አላለቀስኩም። የመጀመሪያ ሐሳቤ ማንም ሳያውቅ ነገሩን እንዴት እንደማስተካክል ነበር። እሷን ይቅርታ ጠይቄ፣ ደብዳቤውን ቀድጄ፣ ለምክትሉ "የማርክ ስህተት ነበር" ብዬ፣ ሰኞ ፎርም አስሞልቼ። ይህንኑ ለአባትየው ነገርኳቸው፤ በልቤ ትልቅ ነገር የማደርግላቸው መስሎኝ ነበር። "ደብዳቤውን እመልሰዋለሁ አባቴ። ማንም ሳይሰማ ጉዳዩ ይዘጋል።"

አዳመጡኝ፤ መጨረሴን አረጋገጡ። ከዚያ ቀርከሃውን አነሱ።

"ሌባ ያልሽው ሰው ፊት ነው" አሉ። "እኔ ግቢ መጥተሽ ብትመልሺው ማን ይሰማሻል? እኔ መጀመሪያም ልጄን ሌባ አላልኩም። ላሉት መልሺላቸው።" ትንሽ ቆዩና ጨመሩ። "እዚህ ሰው ሳይሰማ የፈረደ ሰው ጎሜ፣ የነውር ዕዳ፣ አለበት እንላለን። ጎሜ ተደብቆ አይወጣም፤ በአደባባይ ሲናገሩት ነው የሚለቀው። አንቺ ግን የከተማ ሰው ነሽ፤ እንደሚሆንልሽ አድርጊ።"

ሊሰድቡኝ አልነበረም። እንዲያውም ርቦሽ አትሂጂ ብለው ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ። ፊርማ አላስፈረምኳቸውም፤ ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩ። ከበሩ ስወጣ "ሰኞ ማለዳ ልጄን ይዤ እወርዳለሁ" አሉኝ። ፈቃዴን እየጠየቁ አልነበረም።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴው እስኪያልቅ መጠበቅ አቃተኝ፤ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። እናቴ ዘንድ ስደውል "ምን ሆነሻል፣ ስትተነፍሺ ይሰማኛል" አለችኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት። በጭንቅላቴ ግን የሦስት ዓመት ሰሌዳዬ ይመላለስ ነበር፤ ግራው፣ ቀኙ፣ መሃሉ ላይ ያሰመርኩት መስመር። ቀኝ በኩል የጻፍኩትን ሁሉ አድርጌዋለሁ። ከሳሽ ነበርኩ፣ ምስክር ነበርኩ፣ ዳኛ ነበርኩ። ሰው በራሱ ላይ እንዲፈርም አስገድጃለሁ። እጄን አላነሳሁም፤ ድምፄን ግን አንስቻለሁ። ሥልጣኔ ጠመኔ ብቻ ነበር እኮ። ጠመኔ ብቻ ይዤ እንዲህ ከሆንኩ ብዬ አሰብኩ፤ ሐሳቡን ልጨርሰው አልፈለግሁም።

ሰኞ ምክትሉ ቢሮ ስገባ ገና ኮታቸውን እያወለቁ ነበር። ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ልጁም ያመነው እኔ ስላስፈራራሁት መሆኑን ነገርኳቸው። ኮታቸውን ሰቀሉ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ቃለ ጉባኤውን አወጡ።

"እህቴ፣ ይሄ ጸድቋል" አሉ። "አምስታችን ፈርመንበታል። ማህተም አርፎበታል። እኔ ኮሚቴ የወሰነውን የመሻር ሥልጣን የለኝም። ሥልጣናችን ገደብ አለው።"

በዚህች ቃል ልስቅ ቃጣኝ። "ልጅቷን ስናባርር ገደቡ የት ነበር?" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ አለ፤ ሁለተኛውን ልጥስ ነበርና ያዝኩት። "እሺ፣ ኮሚቴውን ይሰብስቡ። አሁን።"

"ዛሬ? ሁለቱ ክፍል ላይ ናቸው። ምዝገባው እኮ በአስር ሰዓት ይዘጋል።"

"ስለዚህ ነዋ ዛሬ።"

ጠዋቱን በኮሪደር ተመላለስኩት። አንዱን መምህር ከክፍል አስወጣሁ፤ ሁለተኛው "ራስሽ አምጥተሽ ራስሽ ትመልሺያለሽ?" አለኝ፤ አዎ አልኩት። ኮሚቴው ምሳ ሰዓት ላይ ተቀመጠ። እኔ እጄን አላወጣም አልኩ፤ ልጅቷም ትግባ አልኩ። አባትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው ከውጪ ግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ልጅቷ ገብታ ስለ ሃላቃ ተናገረች። ስድስቱንም። አንዱ የኮሚቴ አባል፣ የሒሳብ መምህር፣ የደጋ ሰው ኖሮ አምስተኛው ላይ ሳያስበው ከንፈሩ ከእሷ ጋር ተንቀሳቀሰ። ረቡዕም እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ያኔ ያላስተዋለው እኔ የፈተና ወረቀቷን ሳላነብ ክሱን ብቻ ስለነገርኳቸው ነው።

ምክትሉ በመጨረሻ የሁለቱም ቅጣት እንዲነሳ ተስማሙ፤ ግን ቃለ ጉባኤው ያለ ምክንያት አይሻርምና ምክንያቱ እንዲጻፍ አሉ። ጥፋቱን ማን ነው የሠራው? በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ ግለ ማህደር ውስጥ የሚገባ። ወረቀት ተሰጠኝ። ባለፈው ሳምንት ለሌሎች የጻፍኩት ቃል ለራሴ ሲሆን እስክሪብቶው ከበደኝ። "ተማሪዋን ሳልሰማ" ብዬ ጀመርኩ፣ አቆምኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ የሚያስፈራው እሱ ነበር። ፈረምኩ። ጸሐፊዋ ፎርሙን ስትሞላ ከጀርባዋ ቆሜ እያንዳንዱን ፊደል አየሁ። ጉርድ ፎቶዋ ተለጠፈ። ምዝገባው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ወረቀቷ ከሌሎቹ ጋር ተጠረዘ።

እዚህ ላይ ማብቃት እችል ነበር። አባትየው ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ልጅቷ ሌባ የተባለችበት ክፍል ገና አልሰማም።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ገባሁ። ዝምታው እንደወትሮው ነው። ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍኩም። "ባለፈው ሰኞ እዚህ ቆሜ ሌባ ብያለሁ" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። "ሌባ አልነበሩም፤ ሁለቱም። ከሰሰኳቸው፣ አልሰማኋቸውም፣ ፈረድኩባቸው። ልጁንም ያላደረገውን አስፈረምኩት። ያስተማርኳችሁን ሁሉ ራሴ አፈረስኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።" ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እፎይ ልል ነበር። አለቀ፣ ለቀቀኝ፣ አሁን እተኛለሁ ብዬ ነበር።

ልጅቷ ከፊት ወንበር ተነሳች። ጭብጨባው ቆመ።

"ቲቸር፣ ጨረሱ?" አለች።

"ጨርሻለሁ።"

"እኔ ግን አልተናገርኩም" አለች። "ልናገር?"

"ተናገሪ" አልኩ። ወንበሬ ከኋላዬ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ቶሎ አልጀመረችም። የደብተሯን ጥግ በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። "ሐሙስ ደብዳቤውን ይዤ ቤት ገባሁ" አለች። "አባቴ አነበበው፣ ምንም አልጠየቀኝም፣ ወደ አጥሩ ሄደ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ምን ይላል አለችኝ፤ ነገርኳት። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ‘እውነት ሰርቀሻል?’ አለችኝ።" ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ስድስቱን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ስታንጎራጉርልኝ ነው ያደግኩት። የጻፍኩት የእሷን ነው። እሷ ናት ደግሞ የጠየቀችኝ። ፎርሜ ተሞልቷል፣ እፈተናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ አንድ ጊዜ ተጠራጥራ የጠየቀችኝን ግን ቲቸር እንዴት አድርገው ይመልሱልኛል?"

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም መልሴን ይጠብቁ ነበር፤ እኔም ከእነሱ ጋር እጠብቅ ነበር። እሷ እንደቆመች ናት። ደወሉ ተደውሎ የሌላ ክፍል ተማሪዎች በመስኮቱ በኩል እየተጋፉ ሲወጡ እንኳ ከእኛ ክፍል የተንቀሳቀሰ አልነበረም።